ስለ መጥረጊያ አቋቋም

«ለሳይቱ ሠራተኞች በሙሉ። ከዛሬ ሐሙስ ጠዋት ጀምሮ በዚህ ግቢ ውስጥ የሚገኙ መጥረጊያዎች ሁሉ፣ የቀርከሃም ሆኑ የፕላስቲክ፣ ረጅምም ሆኑ አጭር፣ የሚጠርገው ወገናቸው ወደ ምድር፣ የሚያዘው ወገናቸው ወደ ሰማይ ሆኖ ብቻ እንዲቆሙ ተወስኗል። ከዚህ በተቃራኒ፣ በማናቸውም ምክንያት፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን መጥረጊያ ማቆም በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

ማስታወቂያው በጃፓንኛ፣ በኢንዶኔዥያኛና በፖርቱጋልኛ ተጽፏል። በሳይታችን ፖርቱጋልኛ የሚናገር አንድም ሰው የለም። አራት ቀይ ማኅተም አርፎበታል። ከጠዋቱ ጂምናስቲክ በኋላ አሥራ ሰባታችንም ተሰልፈን ቆምን፤ ፎርማናችን ኩራሞቺ-ሳን ጉሮሮውን ጠርጎ እስከ መጨረሻው አነበበልን። ከዚያም እንደ ደንቡ ቀኝ እጃችንን ዘርግተን፣ ጥግ ላይ ወደቆመው መጥረጊያ በሌባ ጣታችን እያመለከትን፣ በአንድ ድምፅ ጮኽን፦

«መጥረጊያ፣ ደህና!»

መጥረጊያው ደህና ነበር። ደህና ያልነበረው ዋሉዮ ነው።

ዋሉዮ የፈሰሰውን ኮንክሪት እያንቀጠቀጠ የሚያጠጋጋው ማሽን፣ የቫይብሬተር ያዥ ነው። እኔ ዳርሶኖ አናጢ ነኝ፤ ኮንክሪት የሚፈስበትን የእንጨት ካሳፎርማ እመታለሁ። ቶሂር ፌሮ ያስራል፣ ማታ ማታ ደግሞ ለሦስታችንም ወጥ ይሠራል። ሦስታችንም ከጃቫ ነን፤ ጃፓን፣ ቶያማ ውስጥ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ የአረጋውያን መኖሪያ እየሠራን አንድ ቤት እንኖራለን። እነሱ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ እኔ ስድስት። ስለዚህ ማንም ሳይሾመኝ አስተርጓሚ ሆንኩ። ስድስት ዓመት ማለት ሰዎቹ የሚናገሩት በሙሉ ይገባኛል ማለት ነው። የሚያደርጉት ግን እስካሁን አልገባኝም።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ነው። ዋሉዮ እሑድ ሊያገባ ነበር። ላስሚ የምትባል የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ዎኖሶቦ ትጠብቀዋለች። ሠርጉ ሁለት ጊዜ ተላልፏል፤ አንዴ ቪዛው ዘግይቶ፣ አንዴ አውሎ ነፋስ አውሮፕላኖቹን አስቀርቶ። የላስሚ አባት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። የልጃቸውንና የዋሉዮን የልደት ቀን በድሮው የጃቫ አቆጣጠር ደምረው፣ ቀንሰው፣ አካፍለው ያገኙት መልካም ቀን ይህ እሑድ ነው። ይህ ካለፈ ቀጣዩ መልካም ቀን የሚመጣው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው። በስልክ እንዲህ አሉት፦ «አሥራ አራት ወር እኔ እጠብቅሃለሁ። ልጄ ግን እንድትጠብቅህ አልፈቅድላትም።» ሰፈራቸው ሞተር ሳይክል የሚጠግን አንድ ጨዋ ልጅ እንዳለም እግረ መንገዳቸውን ጠቀሱለት።

የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ፈቃዱ የሚጀምረው የጣሪያው ሶሌታ ኮንክሪት በተሞላ ማግስት ነው።» ሙሌቱ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ከተሞላ ዋሉዮ ዓርብ ጠዋት ባቡር ይይዛል፣ ከሰዓት አውሮፕላን ላይ ነው፣ እሑድ ሙሽራ ነው። ሐሙስ ከዘነበ ሙሌቱ ወደ ሰኞ ይዛወራል፤ ሙሽራውም ያው ሞተር ጠጋኙ ይሆናል።

ወሩ ሰኔ ነው። የቶያማ ሰኔ ዝናብ በዝናብ መሆኑን መንገር አያስፈልገኝም። ቴሌቪዥኑ ለሐሙስ ሰባ በመቶ ዝናብ አለ።

«ማስ፣ እናቴ ጋ ደወልኩ» አለኝ ዋሉዮ፣ ማክሰኞ እራት እየበላን። በዕድሜ ስለምበልጠው ማስ፣ ታላቅ ወንድም፣ ይለኛል፤ የሚለኝም ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ሲፈልግ ነው።

«እሺ፣ ምን አለችህ?»

«መጥረጊያ ገልብጥ አለችኝ።»

ቶሂር ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሽርክ!»

«እስኪ ይናገር» አልኩት።

«ምን ይናገራል ማስ? ሽርክ ነው፣ ለአላህ አጋር ማበጀት ነው! ዝናብን የሚያዘው ማን ሆነና ነው መጥረጊያ የሚገለበጠው? በፍርድ ቀን ሲጠየቅ ሽንኩርት ታቅፎ ነው የሚቆመው።»

እኛ አገር ሠርግ ቀን ደመና ከመጣ የኮኮናት መጥረጊያ ይገለበጥና ጭራሮው ጫፍ ላይ ቀይ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ይሰካል። ዝናቡ ያየዋል፣ ከዚያ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል። ለምን እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው አላውቅም። ቃሪያውን ፈርቶ ይሆናል። ሽንኩርቱ ምን እንደሚሠራ ግን እኔም አይገባኝም።

«ቃሪያ ስጠኝ» አለው ዋሉዮ ቶሂርን።

«ቃሪያዬን ለዝናብ አልሰጥም።»

«አምስት ብቻ።»

«እዚህ አገር ቃሪያ የሚያቃጥል ማግኘት ስንት ባቡር እንደሚያስኬድ ታውቃለህ? ለወጥ ነው የገዛሁት።»

«ቶሂር። ላስሚ ሞተር ጠጋኝ ልታገባ ነው።»

ቶሂር ተነሣና ፍሪጁን ከፈተ፤ አምስት ቃሪያ ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ጀርባውንም ሰጠን። «እኔ የሰጠሁህ ለወጥ ነው። ምን እንዳደረግህበት አላየሁም። አትንገረኝም።» ትንሽ ቆየና ሳይዞር ጨመረ፦ «ሽንኩርቱ ትንሽ ትንሹ ነው የሚሻለው።»

ረቡዕ ጠዋት ዋሉዮ ከሁላችንም ቀድሞ ሳይት ገባ። የኮኮናት መጥረጊያ ስለሌለ የሳይቱን የቀርከሃ መጥረጊያ ገለበጠው። ከላይ ሰማይ ብቻ የሚታይበት ቦታ ሲፈልግ ከቢሮው ኮንቴይነር በር አጠገብ የተሻለ አጣ፤ እዚያ አስደግፎ አቆመው። ቃሪያና ሽንኩርቱን ጭራሮው ላይ ሰካ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ ትዝ አለው፦ ቁራ እንዳይሰበሰብ ከማረፊያ ክፍል ውጭ ምግብ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ዋሉዮ ሕግ አይጥስም። ስለዚህ ነጭ ፎጣ አውጥቶ መጥረጊያው ራስ ላይ ጣል አደረገበት፣ ቃሪያውም አልታይ አለ። ሲያየው ሻሽ ያሰረች ሴት መሰለው። ደስ አለው።

ያን ቀን አልዘነበም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ዋሉዮ ሰማዩን እያየ ብቻውን ይስቅ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው ሞሞሴ-ሳን መጡ። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ነጭ ጓንት የማይለያቸው ቀጭን ሰው ናቸው። የጣሪያውን ፌሮ አይተው ወረቀት ላይ ማኅተም ካላሳረፉ አንድ ማንኪያ ኮንክሪት አይፈስም። ኩራሞቺ-ሳን ጣሪያው ላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እኔና ቶሂር ቢሮው አጠገብ እንጨት እንቆጥር ነበር።

ሞሞሴ-ሳን እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ሻይ ሊጠጡ ወደ ቢሮው አመሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። መጥረጊያውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ፎጣውን አዩት። ሄልሜታቸውን አወለቁ። ወደ እኛ ዞሩና እጅ ነሱ።

«ብዙ አስቸገርኳችሁ» አሉ።

እኛም እጅ ነሳን። እዚህ አገር ሰው እጅ ሲነሳህ አንተም ትነሳለህ፤ ምክንያቱን በኋላ ትጠይቃለህ። እሳቸው ትንሽ ጎንበስ አሉ፣ እኛ የባሰ ጎነበስን። ቀና ስንል መኪናቸው ውስጥ ገብተዋል። ቶሂር በሩን ከፈተላቸው፣ እኔ በባንዲራ መንገዱን አስከፈትኩላቸው። ሄዱ።

«ዛሬ እንዴት ቶሎ ጨረሱ!» አለኝ ቶሂር።

«ሶሌታውን ከታች ሆነው አይተውት ይሆናል።»

«ፌሮዬ ያምራል ማለት ነው።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ኩራሞቺ-ሳን ከጣሪያው ወረደ። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ አለ።

«ሞሞሴ-ሳን የታሉ?»

«ሄዱ» አልኩ።

«ወዴት?»

«ወደ ቤታቸው መሰለኝ።»

«ፌሮውን ሳያዩ?»

«አመስግነው ነው የሄዱት፤ እኛም በደንብ ሸኝተናቸዋል።»

ኩራሞቺ-ሳን ስልክ ደወለ። አይነሳም። ደግሞ ደወለ። ከዚያ ፊቱ ሳይለወጥ እጁን ወደ ኪሱ ከተተና የምንፈራውን ወረቀት አወጣ።

ወረቀቱ «አምስቱ ለምን» ይባላል። አንድ ጥፋት ሲፈጠር አምስት ጊዜ ለምን ተብሎ ይጠየቃል፤ አምስተኛው መልስ ላይ እውነተኛው ምክንያት ይገኛል። ኩራሞቺ-ሳን ከዚህ ወረቀት ሌላ ሃይማኖት የለውም። አንድ ቀን ቶሂር ጓንቱን ረስቶ በመምጣቱ አምስቱን ሞልቶ ነበር፤ አምስተኛው ላይ ጥፋተኛ የቶሂር አያት ሆነው ተገኙ። ኩራሞቺ-ሳን ወረቀቱ ላይ «አያትን ማነጋገር» ብሎ ፈረመ።

«ለምን ሄዱ?»

«አናውቅም።»

«አናውቅም የሚባል መልስ የለም። ሣጥኑ ውስጥ አይጻፍም። የት ቆመው ነበር?»

«በሩ ላይ።»

«ምን እያዩ?»

እኔና ቶሂር ተያየን። «መጥረጊያ» አለ ቶሂር።

ኩራሞቺ-ሳን ወጣ። ተከተልነው። መጥረጊያውን ሲያይ ደሙ ከፊቱ ወረደ። ከዚያ ቀስ ብሎ ፎጣውን አነሣ። አምስት ቀይ ቃሪያ፣ አራት ሽንኩርት። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ስድስት ዓመት ሙሉ ፊቱን እያየሁ ኖሬአለሁና ልነግራችሁ እችላለሁ፦ ፎጣውን ከማንሣቱ በፊት የነበረው ነገሩ የገባው ሰው ፊት ነው፤ ካነሣ በኋላ የመጣው ምንም ያልገባው ሰው ፊት ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ማየት ያሳዝናል።

«ማን?» አለ።

ዋሉዮ ከኋላችን እጁን አወጣ። ትምህርት ቤት እንዳለ ልጅ።

ቢሮ ገባን። ኩራሞቺ-ሳን አዲስ ወረቀት ዘረጋ፣ እኔ እየተረጎምኩ እጽፋለሁ።

«መጥረጊያው ለምን ተገለበጠ?»

«ዝናብ እንዳይዘንብ።»

ኩራሞቺ-ሳን ወደ እኔ አየ። «በትክክል ነው የተረጎምከው?»

«በትክክል ነው።»

«...ዝናብ ለምን እንዳይዘንብ?»

«ሙሌቱ ሐሙስ እንዲሆን።»

«ለምን ሐሙስ?»

«ዓርብ እንድሄድ።»

«ለምን ዓርብ?»

«እሑድ ስለማገባ።»

አንድ ሣጥን ቀረ። ኩራሞቺ-ሳን እርሳሱን አገላበጠ። ወረቀቱን መሙላት ግዴታ ስለሆነ እንጂ መጠየቁን የፈለገው አይመስልም ነበር። «ለምን ልታገባት ፈለግህ?»

የዋሉዮ ጆሮ ቀላ። ወለሉን እያየ በጃቫኛ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ። ገበያ ላይ ነው ያገኛት። ዝናብ በድንገት ወረደ፤ የያዘው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ነበር፤ እንዳይረጥብበት ሆዱን ደፍቶበት ቆሞ ሳለ አንዲት የማያውቃት ልጅ ጃንጥላዋን ሲሚንቶው ላይ ዘርግታለት፣ ራሷ በስብሳ ሄደች። ጃንጥላውን ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈለጋት።

አምስተኛው ሣጥን ውስጥ «ዝናብ ስለዘነበ» ብዬ ጻፍኩ።

ኩራሞቺ-ሳን ከላይ እስከ ታች አነበበው። እንደገና ከላይ ጀመረ። በሕይወቱ ዞሮ የተነሣበት ቦታ የደረሰ ወረቀት ያየ አይመስለኝም። አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ አልፈረመበትም።

«ሁለታችሁ መኪና ውስጥ ግቡ» አለን፣ እኔንና ዋሉዮን።

የት እንደምንሄድ አልነገረንም። መንገድ ላይ አንድ የጣፋጭ ሱቅ በር ላይ ቆመና ገባ።

«ማስ፣ ሊያባርረኝ ነው?» አለ ዋሉዮ ከኋላ ወንበር።

«ለሚባረር ሰው ጣፋጭ የሚገዛ አሠሪ አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ስድስት ዓመት ምን ስትሠራ ነበር ታዲያ?»

«ዝም በል፣ መጣ።»

ኩራሞቺ-ሳን የባቄላ ማርማላታ የያዘ ሣጥን ይዞ ወጣ፤ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ወረቀቱ በጨርቅ የተጠቀለለ። ዋሉዮ ጭን ላይ አስቀመጠለት። «አታዘንብለው» አለው።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም የሞሞሴ-ሳን ቤት በር ላይ ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ነበር። ኩራሞቺ-ሳን ቀና አይልም። ቀና ስላላለ እኛም ቀና ማለት አልቻልንም፤ ያየሁት የቤቱን ደጃፍ ድንጋይ ብቻ ነው።

«ተነሡ እንጂ» አሉ ሞሞሴ-ሳን ከላይ። «እኔ እኮ አልተቀየምኩም። ሽማግሌ ሆኛለሁ፣ ሥራችሁን እያስቆየሁ ነው፣ ገብቶኛል። እናቴ ቤት አልሄድ ያለ እንግዳ ይሂድልን ብለን መጥረጊያ ገልብጠን፣ ፎጣ አልብሰን በር ጀርባ እናቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም። ዛሬ ለእኔ ሲቆም ሳይ... ምን ልበላችሁ፣ ናፈቀኝም።»

ያኔ ገባኝ። ገብቶኝም አላበቃም፤ የሆዴን ሳቅ ለመዋጥ ይበልጥ ጎነበስኩ።

«ለእርስዎ አይደለም የቆመው» አለ ኩራሞቺ-ሳን። «ለ... ዳርሶኖ፣ ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። ዝናቡን፣ ቃሪያውን፣ ሠርጉን፣ የላስሚን አባት ስሌት። ፎጣው የተጣለው ስለ ቁራው ሕግ መሆኑን ስነግራቸው ሞሞሴ-ሳን ኩራሞቺ-ሳንን አዩት። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው።

«ቃሪያው ይገባኛል» አሉ ሞሞሴ-ሳን። «ሽንኩርቱስ?»

ለዋሉዮ ተረጎምኩለት። «እናቴን ልጠይቅ?» አለ።

«አያስፈልግም። ይሠራል ወይ ነው የምለው።»

«ዛሬ አልዘነበም፣ ጌታዬ።»

ሞሞሴ-ሳን አንገታቸውን አስግገው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ሰማዩን አዩ። ሣጥኑን ተቀበሉ። «ነገ አንድ ሰዓት እመጣለሁ» አሉ። «ሻይ አልጠጣም።»

ስንመለስ ኩራሞቺ-ሳን መጥረጊያውን በገዛ እጁ ቀና አደረገው፤ ቃሪያውንና ሽንኩርቱን ነቅሎ ለቶሂር መለሰለት። ማስታወቂያውን ጻፈ፣ ለቢሮ ላከ፣ አራቱም ማኅተሞች እየተከተሉ መጡ። ዋሉዮ ያን ሁሉ ቆሞ አየ። ዝናብ የሚከለክልለት ምንም ነገር አልቀረውም።

ሐሙስ ጠዋት እንግዲህ ያን ማስታወቂያ ሰምተን፣ «መጥረጊያ፣ ደህና!» ብለን ጮኸን ቀና ስንል ሰማዩ ጥቀርሻ መስሎ ነበር። ሞሞሴ-ሳን በአንድ ሰዓት መጡ። የትናንቱን ለመካስ ነው መሰለኝ፣ እንዲያ ያለ ቁጥጥር አይቼ አላውቅም። የፌሮውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ ለክተው ሲጨርሱ ከሌላው ጫፍ ጀመሩ። ቶሂር እያንዳንዱ ቋጠሮ ሲነካ እንደ ወላጅ ያቃስታል። ከዚያ በወጣትነታቸው የሠሩበትን የግድብ ታሪክ ያወሩልን ጀመር። ኩራሞቺ-ሳን «አዎ፣ አዎ» ይላል፣ ሰዓቱን አያይም፤ ማየት ነውር ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፓምፑ ተዘጋጅቶ ቆሟል፣ ሦስት ሚክሰሮች በር ላይ እየዞሩ ነው። ኮንክሪት ሚክሰር ውስጥ የሚኖረው አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚያ በኋላ ይጣላል። ከባሕሩ በኩል ደመናው እየቀረበ ነው። ዋሉዮ ቫይብሬተሩን እንደ አበባ ታቅፎ ጣሪያው ጥግ ላይ ቆሟል፤ ዓይኑ አንዴ ሰማዩ ላይ፣ አንዴ ሞሞሴ-ሳን አፍ ላይ።

«...እና ግድቡ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ» አሉ ሞሞሴ-ሳን።

«ይቅርታ፣ ስልክ ነው» አለ ኩራሞቺ-ሳን። ስልኩ አልጮኸም። በመሰላሉ ወረደ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ደጋግሞ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

ብዙም ሳይቆይ ሞሞሴ-ሳን ቦርሳቸውን ከቢሮ ለማምጣት ወረዱ። ከላይ ሆኜ ቢሮው በር ላይ ሲደርሱ አየኋቸው። ቆሙ። ሄልሜታቸውን አወለቁ፣ ነጭ ጸጉራቸው ታየኝ። ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

«ብዙ አስቸገርኳችሁ!» ብለው ጮኹ።

ጣሪያው ላይ ያለነው ሁሉ ደርቀን ቀረን። ትናንት ያሉት ቃል ነው። ዋሉዮ ቁጭ አለ። ግን ሽማግሌው ቦርሳቸውን አንሥተው፣ ወረቀቱን የመኪናቸው ኮፈን ላይ ዘርግተው ማኅተማቸውን ሁለት ጊዜ እፍ እፍ ብለው አሳረፉ፣ ለጥበቃው ሰጡት፣ ሄዱ። ለምን በድንገት እንደቸኮሉ ለማንም አልገባም። ኩራሞቺ-ሳን ብቻ አልተገረመም። «ሙሌት!» ብሎ ጮኸ።

ሞላን። ዋሉዮ እንዲያ ሲሠራ አይቼው አላውቅም፤ ቫይብሬተሩን ከሕፃን አፍ ውስጥ ማንኪያ እንደሚያወጣ ሰው ቀስ አድርጎ ነው የሚነቅለው። ስምንት ሰዓት ላይ ሦስት ጠብታ ወረደ፤ ቆጥሬአቸዋለሁ። ከዚያ ደመናው ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ያለው መንደር ላይ ፈሰሰ፤ ዝናቡ እንደ መጋረጃ ይታየን ነበር። እኛ ጋ ግን የሶሌታው ፊት እጅ ያልነካው ሊጥ መስሎ ተስተካክሎ አለቀ፣ ላስቲክም ለበሰ።

ዋሉዮ መታጠቢያው ጋ ፊቱን ሲታጠብ ብዙ ቆየ። ውኃውን ከዘጋው በኋላም ፊቱ እርጥብ ነበር፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እኔ ዕቃ ልመልስ ወደ ቢሮው ሄድኩ። በሩ አጠገብ፣ ልክ የትናንቱ ቦታ ላይ፣ መጥረጊያው ተገልብጦ ቆሟል። ነጭ ፎጣ ለብሷል።

ፎጣውን አነሣሁት። ጭራሮው ላይ አንድ የደረቀ የበርበሬ ዛላ ተሰክቷል።

«ዋሉዮ!» ብዬ ጠራሁ።

እየሮጠ መጣ፣ አየው፣ ሁለት እጁን አነሣ። «ወላሂ እኔ አይደለሁም። ማስታወቂያውን ሰምቼ? በሠርጌ ዋዜማ?»

ቶሂርም መጣ። ጎንበስ ብሎ ዛላውን በጥንቃቄ መረመረ፣ አሸተተው። «ሽንኩርት የለውም» አለ። «በርበሬውም የኔ አይደለም፣ የደረቀ ነው። የኛ ሰው ሥራ አይደለም።»

«ስለ ሽርክ ይህን ያህል እውቀት ከየት አመጣህ?»

«ማስ፣ አሁን ይህ ጥያቄ ነው?»

እንዲህ ያለ ዛላ ሳይቱ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያየሁት፦ የኩራሞቺ-ሳን ምሳ ዕቃ ውስጥ። ሚስቱ በጨው የምታዘጋጅለት ጎመን ላይ ሁልጊዜ አንድ አለ፤ ሁልጊዜም በቾፕስቲክ አንሥቶ ክዳኑ ላይ ያስቀምጠዋል። በምን ጊዜ ከምሳ ዕቃው እንዳወጣው አሰብኩ። ስልክ ነው ያለን ጊዜ ነው። ግን ፎጣው ለእንግዳ ነው፣ በርበሬው ለዝናብ ነው። እንግዳውም ሄዷል፣ ዝናቡም ሄዷል። የትኛውን አስቦ ነው ያቆመው? ሽማግሌውን ያከበረ መስሎ አባሮ ነው? ወይስ በጃቫ መድኃኒት አምኖ፣ ለዋሉዮ ብሎ፣ አራት ማኅተም ያረፈበትን የገዛ ማስታወቂያውን የጣሰው? ሁለቱንም ከሆነ ሽንኩርቱ የት ሄደ? ሽማግሌውስ በሳቅ ነው የሄዱት ወይስ በቅያሜ?

ባዶ የአምስቱ ለምን ወረቀት አነሣሁና ቢሮ ገባሁ። ኩራሞቺ-ሳን የዋሉዮን የፈቃድ ወረቀት እየፈረመ ነበር።

«ኩራሞቺ-ሳን፣ መጥረጊያ ተገልብጦ አገኘሁ።»

ቀና አላለም። «የት?»

«በሩ ላይ። ፎጣ ለብሷል።»

«ሕግ ተጥሷል ማለት ነው።»

«ከፎጣው ሥር የደረቀ በርበሬ አለ። አንድ።»

«እህ።»

«ሽንኩርት የለውም።»

እዚህ ላይ እርሳሱ ለአፍታ ቆመ። «ሽንኩርት» አለ ለራሱ፣ ከቤት ሲወጣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው። ከዚያ ፊርማውን ጨረሰ፣ ማኅተሙን አሳረፈ፣ ወረቀቱን ለዋሉዮ እንድሰጥ ወደ እኔ ገፋው።

እኔ የያዝኩትን ወረቀት ፊቱ ዘረጋሁ። «መጥረጊያው ለምን ተገለበጠ?»

«አልናገርም።»

«አልናገርም የሚባል መልስ ሣጥኑ ውስጥ አይጻፍም፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሉት። የመጀመሪያውን ብቻ ይንገሩኝ። ለሰውየው ነው ወይስ ለዝናቡ?»

እርሳሱን ጆሮው ላይ መለሰ።

«አምስቱንም አልናገርም» አለ።